ህዳር ሲታጠን የመጣው አውሮፕላን

ለቅሶ ቤት በተገናኘን ቁጥር የድሮ ባልንጀሮቼ ያንኑ ወሬ ያነሳሉ። ከዚያ ዘመን የቀረነው ጥቂት ሽማግሌዎች ነን፤ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀምጡናል። ወጣቶቹ ዝምታው ሲከብዳቸው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ያኔ አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «እኛ እኮ ከጣሊያን በፊት ከአውሮፕላን ጋር ያገለገልን ሰዎች ነን» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አውሮፕላኑ በየዓመቱ እየተለቀ ይሄዳል፤ እነሱም ከመሬት ትንሽ ትንሽ እየተነሱ አሁን ክንፉ ላይ ደርሰዋል። በቀደም ዕለት አንዱ «እኔ ነኝ በእጄ ይዤ ያስነሳሁት» ሲል ሰማሁት፤ ወጣቶቹም አመኑት።

እኔ ዝም እላለሁ። ትሑት ስለሆንኩ አይደለም፤ አፌን ከከፈትኩ ስለምቆጣ ነው። ለቅሶ ቤት መቆጣት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ንዴቴን እዚህ ወረቀት ላይ ላውጣው።

በዚያ ዘመን የእኔ ቢጤ ወታደር ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ አርሶ ይበላል፤ ሲጠሩት ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣል። ጥሪ ከሌለ ገበሬ ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ወታደር ነው። ዛሬ ተጠባባቂ ጦር የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው። ተጠርቶ የቀረ፣ ወይም መጥቶ ሳይሰናበት የሄደ፣ መሬቱን ይነጠቃል። ብዙ ሕግ አልነበረንም፤ ይህ አንዱ ግን ይበቃን ነበር።

የእኔ መሬት ከአዳማ በስተደቡብ፣ ወደ አዋሽ በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው የነበረው። ከከተማው ራቅ ያለ፣ ብቻውን የቆመ ቤት ነበር። ጎረቤቴ ከብት አርቢ የሆኑ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ከአንድ ኮረብታ ማዶ ናቸው። ሚስቴ የአርሲ ልጅ ናት። ሁለት ልጆች ነበሩን፤ ትንሹ ገና ጡት አልተወም።

አንበጣ የወረደበት ዓመት ከቤታችን ደጃፍ አንድ ዘለላ እንኳ አልተረፈም። ያንን ዓመት የከረምነው ጎረቤታችን በሚልኩልን ወተትና አማቴ ከአርሲ በአህያ ጭነው በሚሰዱልን እህል ነበር። እህሉ ሲመጣ ሚስቴ አህያውን ተቀብላ ታራግፋለች፣ ያመጣውን ሰው ታበላለች፣ ከሸኘችው በኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ዘንድሮ ታገሥኩ። ለከርሞም ጎተራው ባዶ ከሆነ ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት እገባለሁ። እዚህ ተቀምጠው የሰው እጅ እያዩ አያድጉም።» ሚስቴ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የምትናገር ሴት አልነበረችም።

በተከታዩ ክረምት ጤፍ ዘራሁ። ዝናቡም በልኩ ዘነበ፣ አንበጣውም በሌላ አገር በኩል አለፈ። መስከረም ላይ ማሳዬ መካከል ቆሜ ሳየው፣ ወገቤ ድረስ ባይደርስም ጉልበቴን አልፎ ነበር፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይተኛና ይነሳል። ልቤ ሞላ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ጤፉ ማሸት ሲጀምር፣ ጥሪ መጣ።

ለጦርነት መስሎን ነበር። ተሰብስበን ስንቀርብ ግን የተነገረን ሌላ ነው። ለጠረፍ ጦር ጥይትና መድኃኒት የሚያመላልስ አውሮፕላን መጥቷል፤ ወደ ደቡብ ሲሄድ አዳማ ላይ እየወረደ ቤንዚን ይቀዳል፤ ቤንዚኑ በባቡር ስለሚመጣ ከአዳማ የተሻለ ቦታ አልተገኘም፤ እናንተም ሜዳውን አዘጋጅታችሁ ትጠብቃላችሁ። ከመካከላችን አውሮፕላን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። የሃምሳ አለቃችን ብቻ አዲስ አበባ ላይ ከሩቅ አይቶ ነበር፤ በዚያ የተነሳ በነገሩ ሁሉ አዋቂ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር፤ አልዋሽም። ግራሩን ነቀልን፣ ድንጋዩን ለቀምን፣ የከርከሮውን ጉድጓድ ደፈንን፣ ኩይሳውን ናድን። ከዚያ በቅጠል መጥረጊያ መጥረግ ጀመርን። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጠዋት የጠረግነውን ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይመልሰዋል፤ እኛም በማግስቱ እንደገና እንጠርጋለን። የሃምሳ አለቃው ጉንጩን መሬት ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠጠር ቀርቶ እንደሆነ ይመለከታል። ባሏን የምትጠራጠር ሴት እንኳ እንደዚያ አትፈትሽም።

ከመጥረጉ ሌላ ሁለት ሥራ ነበረን። አንደኛው አቡጀዲ ነው፤ ሜዳው ራስ ላይ ሰፊ ነጭ አቡጀዲ ዘርግተን በድንጋይ እንይዘዋለን፤ አብራሪው ከሰማይ ሲያየው ሜዳው የት እንደሚጀምር ያውቅበታል። ሁለተኛው ጭስ ነው። ከሜዳው ጥግ ምንጊዜም የማይጠፋ እሳት አለ፤ የሞተሩ ድምፅ እንደተሰማ እርጥብ ቅጠል እንጨምርበታለን፤ ጭሱ ወደተኛበት አቅጣጫ ነፋሱ እንደሚነፍስ አብራሪው ያያል። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ከባቡር ጣቢያው በስልክ ይነገረናል ተባለ።

ስልኩ ይደወል ነበር። «ነገ ይመጣል» ይላል። ነገ አይመጣም። እንደገና ይደወላል፤ «የዛሬ ሳምንት» ይላል። አንድ ጊዜ በእርግጥ መጣ፤ በላያችን አልፎ ሄደ እንጂ አልወረደም፤ ለምን እንደሆነም የነገረን የለም። በዚያን ዕለት ባልንጀሮቼ በደስታ ተኩስ ሊተኩሱ ሲሉ የሃምሳ አለቃው በዱላ ነው ያስቆማቸው።

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። ከሜዳው ደቡባዊ ጫፍ አንዲት ጉብታ አለች፤ እዚያ ላይ ስቆም ማሳዬ በሩቁ ይታየኛል። በመጣሁበት ሰሞን አረንጓዴ ነበር፤ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፤ ህዳር ሲገባ ነጣ። ጤፍ ከነጣ በኋላ አይጠብቅም። አንድ ኃይለኛ ነፋስ ይበቃዋል፤ ፍሬው ከጨው የደቀቀ ነው፤ አንዴ ከረገፈ ማን ሊለቅመው? በየቀኑ ጉብታዋ ላይ ወጥቼ እያየሁ በየቀኑ ቆሽቴ ይደብናል።

ለሃምሳ አለቃው ቀርቤ ነገርኩት።

«ጌታዬ፣ ጤፌ ደርሷል። ጥቂት ቀን ቢያሰናብቱኝ አጭጄ ከምሬ እመለሳለሁ።»

«አውሮፕላኑስ?»

«ሌሎቹ አሉ፣ ጌታዬ።»

«ሌሎቹስ ጤፍ የላቸውም? ላንተ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው። ሜዳውን ማን ሊጠርገው ነው፣ ዝንጀሮ?»

«የነሱን ወንድሞቻቸው ያጭዱላቸዋል። እኔ ቤት ያለችው ሴት ናት፤ ልጅ አዝላለች።»

«አውሮፕላኑ መጥቶ ይሂድ፣ ያኔ አሰናብትሃለሁ» አለ።

ክፉ ሰው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አልነበረም። እሱም ከበላዩ ያሉትን ፈርቶ ነው፤ አውሮፕላኑ መጥቶ ሜዳው ላይ ሰው ባያገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህንን ማወቄ ንዴቴን አላበረደውም፤ እንዲያውም የምረግመው ሰው አሳጣኝ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት፤ ኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ጥዬ እንዳልሄድ መሬቴን እነጠቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ እንዳልጠብቅ መሬቱ ላይ ያለውን አጣለሁ። ከሁለቱ መካከል መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሚስቴ ስንቅ ልታደርስልኝ ስትመጣ እጇን አየሁት፤ ማጭድ በልቶታል። «ከደጃፋችን በኩል ያለውን ጠርዝ ጀምሬዋለሁ» አለችኝ። በኛ አካባቢ ጤፍ ማጨድ የሴት ሥራ አልነበረም። ልጁን አዝላ እያጨደች፣ ያጨደችውን ከበራችን አጠገብ እየከመረች ነበር። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ወደ ሜዳው፣ ወደ ነጩ አቡጀዲ፣ ወደ መጥረጊያዎቻችን አየት አድርጋ «እና ይሄ ነገር ይመጣል?» አለች። «ይላሉ» አልኳት።

ህዳር ሚካኤል ደረሰ።

ያን ጊዜ የህዳር በሽታ ካለፈ ብዙ ዓመት አልሆነውም። ሰው ያልሞተበት ቤት አልነበረም። ሚስቴ እናቷንና ሁለት ወንድሞቿን በአንድ ሰሞን ነው የቀበረችው። ከዚያ ወዲህ ህዳር አሥራ ሁለት ቀን ሰው ሁሉ ቤቱን ጠርጎ፣ ግቢውን ጠርጎ፣ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ጥራጊ ከደጁ ያቃጥላል፤ በሽታው እንዳይመለስ ጭሱ አገሩን ያጥናል። ክርስቲያኑም እስላሙም ያደርገዋል፤ በሽታው ማንንም መርጦ አልወሰደምና። ሚስቴማ ያንን ቀን ከምትዘነጋ ስሟን ብትዘነጋ ይቀላታል።

በዚያን ጠዋት ስልኩ አልተደወለም። የሚደውለው ሰውዬ ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ጠይቀን እንደተለመደው ተከልክለናል። ረፋዱ ላይ ከተማው መጨስ ጀመረ። ከየቤቱ፣ ከየሱቁ፣ ከባቡር ሠራተኞቹ መንደር ሳይቀር ጭሱ እየተነሳ፣ ነፋሱ ወደኛ ሜዳ ያመጣው ጀመር። አንዱ ባልንጀራችን ያን ሁሉ ጊዜ የጠረግነውን የቅጠልና የእሾህ ቁልል አይቶ «እኛስ? እኛ ሳናጥን ልንውል ነው?» አለ። ማንም ለመከራከር ልብ አልነበረውም። የሃምሳ አለቃው ራሱ አማተበና ያረጀ ቆቡን ቁልሉ ላይ ወረወረ። እሳት ለኮስንበት። እንዴት ያለ ጭስ ነበር! እርስ በርሳችን መተያየት አቃተን፤ እንባችን እየወረደ፣ እየሳልን፣ እየሳቅን፣ የሞተባቸው የሞቱባቸውን እያነሱ ቆምን።

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የተሰማው።

በመጀመሪያ ባቡር መሰለን። ቀጥሎ ከበላያችን ሆነ። የሃምሳ አለቃው «አቡጀዲው! አቡጀዲው!» እያለ ሲሮጥ እኛም ተከተልነው፤ አቡጀዲው በቦታው አለ፣ ግን ቆመንበት እንኳ አይታይም ነበር። አንዳንዶቹ አንስተው ያራግቡት ጀመር። ሌላው የለመደ እጁ አላርፍ ብሎት የምልክቱ እሳት ላይ እርጥብ ቅጠል ጨመረበት፤ ያ ሁሉ ጭስ ያነሰ ይመስል። አውሮፕላኑ አንዴ ዞረ፣ ደገመ። ከዚያ ድምፁ ወደ ደቡብ ራቀ፣ ዝቅ አለ፣ ጠፋ።

ወደ ጉብታዋ ሮጥኩ። ከጭሱ ስወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በዚያ ሜዳ ሁሉ ላይ አንድ ጭስ ብቻ በነፋሱ ዘመም ብሎ ይታያል፤ ከእኔ ቤት ደጃፍ። ከጭሱ አጠገብ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ የነጣ ሜዳ አለ። አብራሪው እንዲፈልግ የተነገረውን ሁሉ አግኝቷል። ቁልቁል ወደ ቤቴ ሮጥኩ፤ የሃምሳ አለቃውና ባልንጀሮቼም ተከተሉኝ።

ስንደርስ አውሮፕላኑ ጤፌ መካከል ቆሟል። ከኋላው ማሳውን ለሁለት የከፈለ መንገድ ትቷል፤ ጎማው ላይ ጤፉ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ፈረንጁ አብራሪ ወርዶ በእጁ እየጎተተ ይፈታዋል። ሚስቴ ትንሹን አዝላ፣ ትልቁን ከጀርባዋ ደብቃ፣ እሳቱን የምትቆሰቁስበትን እንጨት እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። አብራሪው አብሮት ከመጣው፣ የቆዳ ቆብ ካደረገ ሐበሻ መካኒክ ጋር ጥቂት ተነጋገረ፤ መካኒኩም ወደኛ ዞረ።

«ሙሴው የሚሉት» አለ ወደ ፈረንጁ እየጠቆመ፣ «ጭሳችሁ በጣም ጥሩ ነው። ግን ሣሩን ለምን አላጨዳችሁትም?»

ሣሩን! ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት የሃምሳ አለቃው ቀደመኝ። «ሊታጨድ ነው» አለ፣ «ዛሬውኑ ይታጨዳል።» ጭሱ በመመስገኑ ፊቱ በርቶ ነበር።

አውሮፕላኑ ደግሞ ካልታጨደ አይነሳም። እንግዲህ ያን ጊዜ የሆነውን ልናገር፤ ሳስታውሰው ከሁሉ የሚያበግነኝ እሱ ነውና። እነዚያ ሁሉ ሰዎች፣ አንድ ቀን እንኳ ያለ እኔ አይበቁም የተባሉት ሰዎች፣ ማጭድ ከየትም ፈልገው መጥተው ጤፌ ውስጥ ገቡ። ተሰልፈው ያጭዱ ጀመር። ዘፈን ወጣ። ደቦ ሆነ! ሚስቴ ለሚካኤል ብላ ጠምቃ የነበረውን ጠላ አወጣች፤ ለደቦ እንደሚደረገው እየዞረች ቀዳችላቸው። በአጠገቤ ስታልፍ «ሚካኤል ነው የላከው» አለችኝ፣ ሳቋ እየመጣ። ከዓመት በላይ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። እኔም አመንኩ። ጎንበስ ብዬ ሳጭድ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በጭሱ አላሳበብኩም።

የሃምሳ አለቃው ግን ማጨዱን ፈቀደ እንጂ በወጉ እንድንከምረው አልፈቀደም። «ከመንገዱ ዞር ይደረግ ብቻ!» ይላል። ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሸከም ስለሚቀል፣ ሚስቴም በራችን አጠገብ ክምሯን ጀምራው ስለነበር፣ ሁሉም ያጨደውን እየጎተተ እዚያው ጥሎ ይመለሳል። ሳይታሰር፣ ሳይጫን፣ የተራራ ያህል ሆነ። «ጌታዬ፣ ወደ ጓሮ ወስደን እንክመረው፤ ነፋስ አለ» አልኩት። «አውሮፕላኑ ይሂድ፣ ከዚያ እንደፈለግህ» አለኝ። የቤንዚኑን ጣሳ በጭንቅላታችን ተሸክመን ከሜዳው ስናመላልስ መሸ።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኑን ገፍተን ከማሳው ጫፍ አደረስነው። አውሮፕላን የሚነሳው ፊቱን ወደ ነፋስ ሰጥቶ ነው። ስለዚህ ጅራቱን ወደ በራችን፣ ወደ ክምሩ አዞሩት። ያኔ እንኳ አልገባኝም። መካኒኩ «ሞተሩ እስኪሞቅ ጅራቱን ያዙልን፤ ከለቀቃችሁት ሰው ይጨርሳል» አለ። የሃምሳ አለቃው ጠንካራ ጠንካራውን መረጠ፤ ከተመረጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ለቅሶ ቤት «በእጄ ያስነሳሁት» የሚለው ሰውዬም በቀኜ ነበር።

ፊቱ ላይ ያለው እንጨት ተሽከረከረ። እንደዚያ ያለ ነፋስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ነጠላዬን ገፎ ወሰደው። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁና አንገቴን አዞርኩ። ክምሩ ተነስቷል። ጤፌ፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ጤፍ፣ በቤቴ ጣሪያ ላይ፣ በአጥሩ ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቁጥቋጦ እየበረረ ነው። ፍሬው በማጅራቴ ላይ እንደ አሸዋ ይመታኛል። ሚስቴ ክምሩ ላይ በደረቷ ወድቃ በእጇ ታቅፈዋለች፤ ከክንዷ ሥር እየሾለከ ይሄዳል። ጮህኩ። ማን ይሰማል? ጅራቱን እንዳልለቅ አጠገቤ ያሉት ይሞታሉ። አልለቀቅኩም። ዓይኔ እያየ፣ በገዛ እጄ ይዤ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ቆምኩ። ፈረንጁ እጁን ሲያነሳ ለቀቅነው፤ ከማሳዬ ላይ ሮጦ ተነሳ። ባልንጀሮቼ በእልልታ ሸኙት።

ሚስቴ ከዚያ በኋላ መሬቱን በመጥረጊያ ጠርጋ፣ አንፍሳ፣ እንደገና አንፍሳ፣ ያገኘችው ግማሹ አሸዋ ነበር። የቀረውን የጎረቤታችን ከብቶች ከቁጥቋጦው ሥር ለቀሙት። ሽማግሌው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እሳቸው ምን አጠፉና። የሃምሳ አለቃው «ለበላይ አመለክትልሃለሁ፤ ይካስሃል» አለ። ያመለከተ ይመስለኛል። ጠብ ያለ ነገር ግን የለም።

ሚስቴ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፤ «እኔ ነኝ በጭሴ የጠራሁት።» አይደለሽም ብላት አትሰማኝም። እኔን ወደ ሜዳው መለሱኝ፤ አውሮፕላኑ ሲመለስ ይወርዳል ተብሎ። አንድ ቀን ጉብታዋ አጠገብ ስጠርግ አህያ እየነዳች መጣች፤ ልጆቹ ከነጓዙ ተጭነዋል። እስከ አዋሽ መሻገሪያ እንኳ ልሸኛቸው ብዬ ጠየቅኩ፤ ተከለከልኩ። «ያልኩህን ታውቃለህ» አለችኝ። «መሬትህን ጠብቅ።» በነገር ልትወጋኝ አስባ አልነበረም፤ እኔን ግን ወጋኝ። ከአቧራው ጋር እስኪቀላቀሉ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ የሃምሳ አለቃው ስለጠራኝ መጥረጌን ቀጠልኩ። አውሮፕላኑ በመመለሻው በሌላ መንገድ ሄደ።

ተራዬ ሲያበቃ ባዶ ቤት ገባሁ። ክረምት ላይ ጎረቤቴ በሬያቸውን ሰጡኝ፤ አረስኩ፤ ዘራሁ። መከር ሲደርስ፣ እንደገና ጥሪ! ያቺው ሜዳ፣ ያው መጥረጊያ፣ ያው የሃምሳ አለቃ። በዚህ ጊዜ ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ጉብታዋም ላይ ወጥቼ ማሳዬን አላየሁም፤ ጥርሴን ነክሼ ጠረግኩ። ከአርሲ ወሬ አልነበረኝም።

ህዳር አሥራ ሁለት ሲቃረብ ትእዛዝ ወጣ፤ ከሜዳው ሆኖ በሚታይ ቤት ሁሉ በዚያ ቀን ማንም ጭስ እንዳያጨስ፣ ያጨሰ እንደሚቀጣ። ሰው አጉረመረመ፤ በሽታው ቢመለስ ማን ሊጠየቅ ነው እያለ። ቢሆንም ፈርቶ ተወው። ቀኑ ጥርት ብሎ ዋለ። እንደዚያን ቀን የከበደኝ ንጹሕ ሰማይ አላስታውስም። አቡጀዲው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፤ የሃምሳ አለቃው እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ዙሪያውን ይቃኛል።

እኩለ ቀን ላይ በድንገት «የማን ነው ያ?» ብሎ ጮኸ።

ዞር አልኩ። ከደቡብ፣ ከጉብታዋ ማዶ፣ አንድ ጭስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባልንጀሮቼ ሁሉ አዩት፤ ሁሉም የማን ቤት እንደሆነ አወቁ፤ አንዳቸውም አልተናገሩም። እነዚያን ሰዎች ስንቴ ባማቸውም ያንን ዝምታቸውን አልረሳላቸውም።

«የኔ ቤት ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ቤትህ ሰው አለ እንዴ?»

«እኔም አላውቅም።»

«ምን ቆመሃል ታዲያ! ሂድ አጥፋ! ሩጥ!»

ያን ሁሉ ጊዜ ለምኜ ያጣሁትን ፈቃድ እንዲህ አገኘሁት። መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም።

አህያው ጭነቱ ሳይራገፍለት በሩ ላይ ቆሟል። ጎተራው አጠገብ ያለውን መሬት ሳይ ገለባ ፈሶበታል፤ የጎረቤቴ ልጆች እኔ ሜዳ ስጠርግ ጤፌን አጭደው፣ ወቅተው፣ አስገብተውልኛል። ጎተራው ሞልቷል ብለው በከብት ነጋዴ ወደ አርሲ መልእክት የላኩላትም ሽማግሌው ናቸው፤ ይህንን የሰማሁት በኋላ ነው። ሚስቴ ከቤት ያወጣችውን የዓመት ጥራጊ ቆልላ እያቃጠለች ነበር። ትንሹ በእግሩ ቆሟል፤ አላወቀኝም።

እያለከለክሁ «እሳቱን አጥፋ ተብዬ ነው የመጣሁት» አልኳት። ሌላ ነገር ልላት ነበር፤ የወጣልኝ ይህ ነው።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ዓመት ሙሉ ሜዳ ስትጠርግ ከርመህ ቤትህን አንድ ቀን አልጠረግከውም?» አለች።

«በል አጥፋው» ብላ በእጇ የነበረውን ቅጠል አሸከመችኝ።

ቅጠሉ እርጥብ ነበር። እርጥብ ቅጠል እሳት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ በዚያ አገር ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱንም ሳላስቀር እሳቱ ላይ ጣልኩት። አራታችንም ጭሱ ውስጥ ቆመን ታጠንን።